ቪትዝ በ4,000 ወይስ በ5,800? የቱ ይረክሳል

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቪትዝ መኪና ሊያከራዩኝ ነው እንበል። አንዱ ሃያ ሁለት አካባቢ ያገኘሁት ደላላ ነው፤ በቀን 4,000 ብር ይላል። ሌላው ቦሌ ላይ ቢሮ ያለው አከራይ ነው፤ 5,800 ይለኛል። የምፈልገው ለሦስት ቀን ነው። ሁለቱን ቀን ካዛንቺስና ፒያሳ ስመላለስ እውላለሁ። በሦስተኛው ቀን አዳማ ደርሼ እመለሳለሁ። (ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ ብዬ ነው የያዝኳቸው። ዋጋው እንደ ሰሞኑ ነው፤ በሰርግ ወራትማ አይጠየቅም።)

ሲታይ የደላላው በ5,400 ብር ይረክሳል። እስኪ ግን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንጠይቃቸው።

ዋጋው ቫትን ይጨምራል? የቢሮው «አዎ፣ ከነቫቱ ነው» አለ። ደላላው «ደረሰኝ ከፈለግህ 15 በመቶ ትጨምራለህ» አለ። ደረሰኙ ይቅርብኝ የሚል አይጠፋም። እኔ አልመክርም። ነገ ማስያዣዬን አልመልስ አሉኝ ብሎ ሲጣላ በእጁ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

ኪሎ ሜትሩስ? የቢሮው ገደብ የለውም። ደላላው «በቀን 100፣ ከዚያ ካለፈ በኪሎ ሜትር 30 ብር» አለ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከተማ ውስጥ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ቢበዛ ነው። አዳማ ደርሶ መመለስ ግን ከ200 አያንስም፤ እዚያ ወዲህ ወዲያ ሲባል 220 እንበለው። በሦስቱ ቀን 320 ኪሎ ሜትር ነዳሁ ማለት ነው። ገደቡ «በድምሩ 300» ተብሎ ከተጻፈ ያለፍኩት 20 ብቻ ስለሆነ 600 ብር እከፍላለሁ። «በቀን 100» ከሆነ ግን ከተማ ውስጥ ያልነዳሁት አይታሰብልኝም። የአዳማው ቀን ብቻውን በ120 አልፏል፤ 3,600 ብር። ያው መንገድ፣ ያው መኪና ነው። ልዩነቱን ያመጣችው ውሉ ላይ ያለች አንዲት ቃል ናት።

አሁን እንደምር። ደላላው ጋ ኪራዩ 12,000፣ ትርፍ ኪሎ ሜትሩ 3,600። በዚህ ላይ ቫት 2,340 ሲጨመር 17,940 ይሆናል። «ሲመለስ ታጥቦ ይሁን» ካሉኝ የላቫጆ አለ። የቢሮው 17,400 ነው፤ አለቀ። በቀን 1,800 ብር ይወደዳል ያልነው መኪና ረከሰ።

ወደ አዳማ ባልሄድስ? ያኔ ደላላው ያሸንፋል፤ ከነቫቱ 13,800 ብር ነው። ስለዚህ «ቢሮ ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ሳር ቤት ለሚል ሰው ያልተገደበ ኪሎ ሜትር መክፈል ብክነት ነው። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ ግን በሁለቱም ወገን የተከራዩ ነው። እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ርቀቱ ይከፈላል፤ አዳማ ድረስ ከሄዳችሁ በሒሳባችሁ ያዙት።

አሁን ደግሞ እኔ ራሴ የተበላሁባት አለች። ውሉ ላይ «መመለሻ 8፡00» ይላል። እኔም ምሳዬን በልቼ፣ መኪናውን አሳጥቤ፣ ልክ በስምንት ሰዓት ደረስኩ። ለካ በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፉት! ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሰዓት አሳልፈሃል ተብዬ የአንድ ሙሉ ቀን ኪራይ ተጨመረብኝ። ብከራከር ፊርማዬን አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የምትለዋን ቃል በራሴ እስክሪብቶ ነው የምጨምራት። ከውጭ የመጣ ዘመድ ካላችሁ ቀኑንም እዩለት፤ እሱ በፈረንጅ ቀን ያስባል፣ ውሉ በእኛ ይጻፋል። «አንድ ቀን» ሲሉም 24 ሰዓት ይሁን እስከ ማታ ብቻ ጠይቁ።

ወደ ኢንሹራንስ እንምጣ፤ ትልቁ ብር ያለው እዚህ ነው። «ኢንሹራንስ አለው?» ስትሉ ሁለቱም «አለው» ይላሉ። ውሸት አይደለም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው። ግን እሱ የሚሸፍነው የገጫችሁትን ሰውና ንብረት ነው፤ የያዛችሁትን ቪትዝ አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ «ሙሉ ኢንሹራንስ ነው ወይ? ጉዳት ቢደርስ ከኔ ኪስ የሚወጣው እስከ ስንት ነው? መኪናው ጋራዥ ለሚቆምበት ቀንስ ኪራይ ታስከፍሉኛላችሁ?» ብላችሁ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ አከራይ ታስነጥሳለች። ጥገናው 5,000 ብር የሆነ ጭረት አሥር ቀን ጋራዥ ካስቀመጠው፣ ከጥገናው ይልቅ የቆመበት ቀን ይበልጣል።

ታርጋውንም እዩ። ደላላ የሚያመጣው መኪና ብዙ ጊዜ ኮድ 2 ነው፤ የሰው የቤት መኪና። ኢንሹራንሱም ለቤት መኪና የተገባ ነው። ሲከራይ ቆይቶ ቢጋጭ ኢንሹራንሱ «እኔ ለኪራይ አልተዋዋልኩም» ሊል ይችላል። ያኔ ባለመኪናው ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። በዚህ ነጥብ ኮድ 3፣ ማለትም የንግድ ታርጋ፣ ይዞ የሚመጣው የቢሮው መኪና ይበልጣል፤ እኔ ለዚህ ስል ጥቂት ብር ብጨምር አይቆጨኝም። የሚያከራየው ሰው ስምም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ካልገጠመ ውክልናውን ያሳይ።

ከነሾፌር ወይስ ያለ ሾፌር? መሀል ከተማ ላይ ከሆነ ከነሾፌር እላለሁ። ማስያዣው ይቀላል ወይም ጭራሽ አይኖርም፤ ግጭቱም የባለመኪናው ነው። ኮሪደሩ ላይ መኪና ማቆም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሾፌሩ እናንተን አውርዶ መስቀል አደባባይ ሥር ወዳለው ፓርኪንግ ይሄዳል። ሾፌር ግን የራሱ ጉድ አለው፦ ማታ ሲመሽ ትርፍ ሰዓት፣ ክፍለ ሀገር ሲታደር አበልና አልጋ። ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ አዳማ ላይ፣ ራት ከበላችሁ በኋላ ነው የምትሰሙት። በቀን ሁለት ቦታ ብቻ ለሚደርስ ሰው ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉም፤ እንደ ራይድ ወይም ፈረስ ያለ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይጥራ።

ነዳጅ ቀላል ነው፤ በሞላበት ተረክቦ ሞልቶ መመለስ። «በግምት ግማሽ ነው» የሚል ርክክብ አትቀበሉ፤ ጌጁን በስልካችሁ አንሱት። ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ የሞላችሁበት መልእክት ከነሰዓቱ ይቀራል፤ አታጥፉት። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የባትሪውን ፐርሰንት ጻፉ።

ፎቶ ካነሳችሁ አይቀር ዙሪያውን በቪዲዮ ያዙት፤ ፓራውልቱን፣ ፍሬቻውን፣ ከሁሉ በላይ ስፖኪዮውን። ኮፈኑን ብቻ አንስቶ የሚመለስ ሰው አይቻለሁ። የኋላውንም ከፍታችሁ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ መኖራቸውን ባለመኪናው እያየ አረጋግጡ።