ባለ ሙጫው አልበም፦ ከ40 ዓመት በኋላ የመጣ ሪቪው

ዕቃ ገዝቶ በሳምንቱ ኮከብ የሚሰጥ ሰው ይገርመኛል። እኔ ዛሬ ሪቪው የማረገው እናቴ ወደ 40 ዓመት ገደማ የተጠቀመችበትን ዕቃ ነው፣ ያ ገጹ ሙጫ ሙጫ የሚለው፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ያለበት፣ ላስቲኩን ስትገልጡት ጥጥጥ እያለ የሚላቀቀው የፎቶ አልበም። እሱ ያልገባበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ፈረንጆቹ ማግኔቲክ አልበም ይሉታል፣ ማግኔት የሚባል ነገር ግን ባጠገቡም አላለፈ፣ ወፍራም ካርቶን ላይ በመስመር በመስመር የተቀባ ሙጫ ነው በቃ።

እንዴት እጄ ገባ፣ እናቴ ቤት ስትቀይር ሦስት አልበም ለኔ ደረሰኝ። አንዱ የአያቴ ነው፣ ገጹ ጥቁር ወረቀት ሆኖ ፎቶዎቹ በአራቱም ጫፍ በትንንሽ የወረቀት ማዕዘን የተያዙ። ሁለተኛው ይሄ የእናቴ ባለ ሙጫው። ሦስተኛው የኛ የልጆቹ፣ ፎቶ በኪስ በኪስ የሚከተትበት ላስቲክ። ወንድሜ "ሁሉንም አውጥተሽ ስካን አርጊና አልበሞቹን ጣያቸው፣ ቦታ ነው የሚይዙት" አለኝ፣ እኔም እሺ ብዬ ከባለ ሙጫው ጀመርኩ፣ ባልጀምር ይሻል ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ አልላቀቅ አለ። ትንሽ ሳብ ሳረገው ጫፉ ተቀደደ፣ ጀርባው ካርቶኑ ላይ ቀርቶ ፊቱ ብቻ ሊመጣልኝ ሲል ደንግጬ ለቀቅኩት። የሚገርመው እዛው ገጽ ላይ ከጎኑ ያለው ደግሞ ላስቲኩን ስገልጥ ራሱ ወርዶ ጭኔ ላይ ወደቀ። የዚህ ሙጫ ጠባዩ እንዲህ ነው ለካ፣ ሲያረጅ ወይ ድንጋይ ሆኖ ፎቶውን ይዞ ይቀራል ወይ ደርቆ ይለቃል፣ መሀል የሚባል ነገር የለውም። ካርቶኑ አሲድ ስላለው ከዓመት ዓመት ይቢጫል፣ ላስቲኩም ብዙ ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት ነው፣ እሱ ደግሞ ሲያረጅ ራሱ አሲድ ያወጣል፣ ያን ሁሉ ዓመት ፎቶው ከላይም ከታችም ሲጠበስ ነው የኖረው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልሟገትለት፣ ፎቶዎቹ ቀይ ቀይ ማለታቸው በሱ ብቻ አይደለም። የዛን ዘመን፣ በተለይ የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የከለር ፎቶ ከሦስት ቀለም ነው የሚሰራው፣ ከሦስቱ ወደ ሰማያዊ የሚሄደው ቀለም ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ቀድሞ ይጠፋል፣ የሚቀረው ቀዩ ነው። ለዚህ ነው የሁሉም ሰው የልጅነት ፎቶ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ የሚመስለው።

የአያቴ ጥቁሩ አልበም ከሱ በእድሜ ይበልጣል ግን ደህና ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የብር ብናኝ ነው እንጂ ቀለም አይደለም፣ የማዕዘኖቹ ሙጫ ደግሞ ፎቶውን ራሱን አይነካውም፣ አውጥታችሁ ጀርባውን አንብባችሁ ትመልሳላችሁ። አያቴ ጥቁሩ ወረቀት ላይ በነጭ እርሳስ ጽፋለች፣ አንዳንዱ ላይ ስም፣ አንዳንዱ ላይ "ዝናብ ሊመጣ ሲል" ብቻ። ማን እንደሆነ አልነገረችንም፣ አየሩን ነው የነገረችን 😄

ሦስተኛው፣ ባለ ኪሱ፣ ብዙም የሚወራለት አይደለም። ምቹ ነው፣ ፎቶ ይገባል ይወጣል፣ አይጎዳም፣ ግን መጻፊያ ቦታ የለውምና ማናችንም ምንም አልጻፍንበትም። ከሦስቱ አዲሱ እሱ ሆኖ ዓመቱን የማላውቅባቸው ፎቶዎች የሞሉት እሱ ውስጥ ነው። ኪሱም ቢሆን አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ ዲስዴሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ1854 (እ.ኤ.አ.) ትንንሽ የካርድ ፎቶ በአንድ ፕሌት (ምስሉ የሚያርፍበት መስታወት) ላይ ደርድሮ የማንሳት ዘዴ ፓተንት አስወጣ፣ ፎቶ ረከሰ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ካርዶቹ ልክክ የሚሉበት ባለ ኪስ አልበም ገበያ ላይ ዋለ። ሰዉ የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን ፎቶ ገዝቶ ከአክስትና ከአጎቱ ጎን ይሰካ ነበር። ታዋቂ ሰው ፎሎው ማረግ እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ባለ ሙጫው ልመለስና እኔን ያስገረመኝን ልንገራችሁ። ስካን ማረግ ሰልችቶኝ ዝም ብዬ ሳገላብጥ አንድ ኮት አየሁ። ትልልቅ ቁልፍ ያለው፣ ኮሌታው ሰፊ ኮት። አራተኛው ገጽ ላይ አክስቴ ለብሳዋለች፣ ዘጠነኛው ላይ እናቴ ናት፣ አስራ ሰባተኛው ላይ የአክስቴ ልጅ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ለብሳዋለች። ኮቱን ፎቶ ላንሳ ብሎ ያነሳው ሰው የለም፣ ሁሉም ያነሱት ልደት ነው፣ ምርቃት ነው፣ ሰው መሸኘት ነው። ግን ቤታችን ውስጥ ያኔ ገንዘብ እንዴት እንደነበረ ከዛ ኮት በላይ የነገረኝ የለም። ከጀርባ ያለውም እንደዛው ነው፣ አንዱ ወንበር ሦስት ጊዜ ጨርቅ ቀይሯል፣ ሬድዮ የነበረበት ቦታ ላይ ቴሌቪዥን መጣ፣ ስልኩ በር አጠገብ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል ልጅ እንዳይደርስበት።

ይሄ የሚታየው ታዲያ ገጹ በቅደም ተከተሉ ሲገለጥ ነው። እኔ ስካን ያረግኳቸውን ስልኬ ወስዶ በመልክ ለየልኝ፣ አክስቴን ለብቻ እናቴን ለብቻ፣ ኮቱ ሦስት ቦታ ተበትኖ ጠፋ። ስልኩ ፊት ነው የሚያውቀው እንጂ ኮት አያውቅም።

ደግሞ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ገጹ በሙሉ ቢጫ ሆኖ መሀሉ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን፣ ፎቶ ብዙ ዓመት ተለጥፎበት በኋላ የተነሳበት። ከጎኑ በእናቴ እጅ ቀን ተጽፏል፣ ስም የለም። አክስቴን ስጠይቃት "ተይው እሱን የኔ ልጅ" አለችኝ፣ ከዛ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ 😂 ባዶ ቦታ ደግሞ ማንም ስካን አያረግም።

ስለዚህ እንደ ወንድሜ ልትጥሉ ካሰባችሁ መጀመሪያ ገጹን እንዳለ አንሱት፣ ጽሑፉም ባዶውም ሳይቀር፣ በተራ ቁጥር። በስልክ አፕ ብታነሱት ፈጣን ነው ግን የላስቲኩ ነጸብራቅ ያስቸግራል፣ እኔ የተጠቀምኩበት ደግሞ ጠርዙን ራሱ ቆርጦ ጽሑፉን ጣለብኝ። ስካነር ካላችሁ ለአንድ ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይበቃል፣ አስር በአስራ አምስት ሴንቲሜትሩ ወደ 2400 በ3600 ፒክስል ይመጣል፣ የኮቱን ቁልፍ መቁጠር ትችላላችሁ። ጀርባውንም አትርሱ። የማይላቀቀውን በጥርስ ክር፣ ሰም በሌለው፣ ከስር በቀስታ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያረጋችሁ ሞክሩ፣ እምቢ ካለ ተዉት፣ ከነገጹ ይቀመጥ። አዲስ አልበም ስትገዙ አሲድ የሌለው ወረቀት ወይም የፖሊፕሮፒሊን ላስቲክ ይሁን፣ "ለፎቶ ተስማሚ" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ አይኤስኦ 18916 የሚባል የፎቶ ማስቀመጫ መፈተሻ አለ፣ እሱን አልፏል የሚል ፈልጉ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጫን ብላችሁ አትጻፉ፣ ፊቱ ላይ ይወጣል።

ኮከብ ልስጥ እንግዲህ። ለፎቶ ጠባቂነቱ ከ5 አንድ፣ እሱም በግድ። ለእናቴ አደራደር አምስት፣ ግን እሱ የአልበሙ አይደለም የሷ ነው። ደግማችሁ ግዙት አልልም፣ ያለውን ግን አልጥልም፣ ለወንድሜም ነግሬዋለሁ።

ይሄን ስጽፍ አክስቴ ደወለች። ኮቱ የሷም አልነበረም አሉ፣ ከሷ በፊት የለበሰው ሰው አለ። ጥቁሩን አልበም እንደገና ልገልጠው ነው።