የእናቴን ኪችን ካቢኔት ላደሰልን አናጺ

አዳማ ውስጥ ሆናችሁ ካቢኔታችሁ ያረጀባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ከሁሉ በፊት ግን የእናቴን ኪችን ያደሰልንን አናጺ እጁን ይባርከው። ከልቤ ነው የማመሰግነው።

ካቢኔቱ ላዩ በላሚኔት፣ ማለትም ፕላስቲክ በሚመስል ስስ ሽፋን፣ የተሸፈነ ቺፕውድ (ተጨፍልቆ የተጣበቀ የእንጨት ፍርፋሪ) ነው። ለዓመታት የቁሌት እንፋሎትና ቅባት ጠጥቷል። የላይኞቹ በሮች ዘመዋል። የታችኞቹ ጠርዛቸው ተላጧል። ከሲንኩ ስር ያለው ወለል ደግሞ ውሃ ገብቶበት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። እናቴ ሰሃን ባወጣች ቁጥር በሩ እንዳይወድቅባት በአንድ እጇ ትደግፈው ነበር።

ቀደም ብሎ ያየልን ሌላ ባለሙያ በሩን እንኳ ሳይከፍት «ይሄ ተነቅሎ ይጣል» ብሎን ሄደ። ይሄኛው ግን ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ዕቃውን በሙሉ አስወጣ። በባትሪ እያበራ ጎኑንና ጀርባውን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው። ደህናው እንጨት አይገባለትም፤ የበሰበሰው ግን ይሰምጣል። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «እማማ፣ ሳጥኑ ጤነኛ ነው። የተጎዳው በሩና ይቺ የታችኛዋ ወለል ናት። ደህናውን ነቅዬ ብጥል ገንዘብዎን ማባከን ነው» አላት። ሙሉ ካቢኔት ቢሸጥልን የበለጠ ያገኝ ነበር። ይሄን የማልረሳለት ለዚህ ነው።

አማራጮቹን በግልጽ አስረዳን። ስቲከር መለጠፍ ርካሽ ነው፣ ምድጃው አጠገብ ያለው ግን በሙቀት ይላጣል። ቀለም ጥሩ ነው፣ ግን ላሚኔት ላይ ዝም ብሎ አይይዝም። መጀመሪያ ቅባቱ ታጥቦ መልቀቅ አለበት፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ ከዚያ ቀለሙን የሚያስይዘው ፕራይመር፣ በመጨረሻ ቀለም። ሌላው መንገድ ሳጥኑን ትቶ በሮቹን ብቻ በአዲስ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) መቀየር ነው። እኛ ቀላቀልን። የላይኞቹ ተቀቡ፣ የታችኞቹ በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ተሠሩ፣ የሲንኩ ስር ውሃ በሚቋቋም ኮምፔርሳቶ ተተካ።

ወለሉን ግን ወዲያው አልነካም። «የሲንኩ ማፍሰሻ ሲፎን እያንጠባጠበ አዲስ እንጨት አልገጥምም» ብሎ የቧንቧ ሠራተኛ አስጠራን። ልክ ነበር። ውሃው ካልቆመ የፈለግነውን እንጨት ብናስገባ ያብጣል።

ቁጭ ብዬ ያየሁት ሥራ የማጠፊያዎቹ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹ ሰፍተው ምንም አይዙም ነበር። ብዙ ሰው ወፍራም ብሎን ያስገባና ቺፕውዱን ይበልጥ ያፈረካክሰዋል። እሱ ቀዳዳውን በትራፓኖ አጸዳ። ክብ እንጨት ኮላ ቀብቶ በመዶሻ ቀስ እያለ ወተፈው። ሲደርቅ ትርፉን ቆርጦ በቀጭን ፑንታ እንደገና በሳው። አሁን በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል።

የኤምዲኤፉን ጠርዝና ጀርባ ሳይቀር ቀብቶታል። ውሃ የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ስለሆነ ማንም የማያየው ቦታ ላይ መድከሙ ደስ አሰኝቶኛል። ቆርጦ የቀባውም ሱቁ ውስጥ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፣ ተርባይን የሚያዞር ነፋስ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ቢቀባ ኖሮ አቧራው ሁሉ እርጥቡ ቀለም ላይ ይለጠፍ ነበር። የቀለሙ ሽታና ብናኙ ቤት ስላልገባ ለእናቴ ደረትም ደግ አደረገ።

እጀታዎቹን ከገበያ ራሳችን መረጥን፣ እሱ ገጠመ።

የቁሳቁሱንና የእጅ ዋጋውን ለይቶ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶናል፣ የተረፈውንም ብሎን ቆጥሮ መልሷል። የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አልጽፍም። ቀለሙ እስኪጠነክር ለጥቂት ሳምንታት በረኪናና ሻካራ ስፖንጅ አታስነኩት ብሎናል፤ በለስላሳ ጨርቅ ነው የምንጠርገው።

እብነበረድና ግራናይት አይሠራም፣ ለእሱ ሌላ ሰው ፈልጉ። ለበር፣ ለመሳቢያና ለቁም ሳጥን ግን ያለ ስጋት ጥሩት። ስልኩን እዚህ መለጠፍ ስላልፈለገ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉለት የሲንካችሁን ስር ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።