9 ወር ከአንድ የዝናብ ጃኬት ጋር፦ 42 ጋራ፣ አንድ ማዕበል

ጃኬቱን የገዛሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። 150 ፓውንድ ከፈልኩ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 210 ግራም አለኝ፤ ሲጠቀለል አንድ ትልቅ ብርቱካን ያህላል። የአምራቹን ስም አልጠራም። ከሻጩ ጋር ትንሽ ተነታርከናል፤ ጽሑፉ ቂም መወጫ እንዳይመስል ነው።

የምኖረው ማንችስተር ነው። ያደግሁት ግን እንጦጦ ስር ስለሆነ ዳገትም ዝናብም አውቃለሁ ብዬ ነበር። የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ተራራቸውን «ፌል» ይሉታል። እዚያ ላይ መሮጥ ከአስፋልት ሩጫ ጋር አይገናኝም። አብዛኛው ቦታ መንገድ የለውም፤ ረግረግና የተናደ ድንጋይ ነው። ዝናቡም ሌላ ነው። የኛ ክረምት ዶፉን ያወርድና ያባራል። የነሱ በካፊያ ይጀምርና ወጨፎ ሆኖ ይውላል፤ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመታችሁ። ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው የሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አካባቢ ሲትዌይት የምትባል ትንሽ መንደር በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ናት።

ጃኬቱን ያሰብኩት ለአንድ ቀን ነበር፤ ለቦብ ግርሃም ዙር። እዚያው አካባቢ ካለችው ኬዝዊክ ከተማ፣ ሙት ሆል ከሚባለው የድሮ የከተማ አዳራሽ በር ትነሳላችሁ፤ 42 ጋራ ወጥታችሁ፣ ወርዳችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እዚያው በር ትመለሳላችሁ። 106 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽቅቡ ብቻ ሲደመር ወደ 8,200 ሜትር ይደርሳል። አዘጋጅ የለውም፤ ቀኑን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። የዙሩ ክለብ እንዲመዘግባችሁ ግን በየጫፉ ምስክር ያስፈልጋል፤ ለዚህም አብሯችሁ የሚሮጥ አጃቢ ትይዛላችሁ። ቦብ ግርሃም የኬዝዊክ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነበር። በፈረንጆቹ ሰኔ 1932 በ23 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ጨረሰው። የቴኒስ ጫማ፣ ረዘም ያለ ቁምጣና የፒጃማ ኮት ለብሶ ነበር ይባላል። የፒጃማውን ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፍቅር ነበር። ውሃው ጃኬቱ ላይ ቅባት እንደተቀባ ምጣድ እየተንከባለለ ይወርዳል። መለያው ላይ «20,000 ሚሊ ሜትር» ይላል። ጨርቁ 20 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢጫነው አያሳልፍም ማለት ነው። እኔም ጉዳዩ አለቀ አልኩ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ ትከሻዬ ርሶ አገኘሁት። ቀዳዳ ፈለግኩ፤ የለም። በኋላ ነው የገባኝ። ውሃውን የሚያንከባልለው ከላይ የተቀባው ስስ ሽፋን ነው። የቦርሳ ማንገቻ ሲፈትገው ይለቃል፤ ላብና የሰውነት ቅባትም ያበላሹታል። የድሮዎቹ ኬሚካሎች ለጤናና ለአካባቢ ጠንቅ ናቸው ተብሎ እየቀሩ ነው። አዲሶቹ ደግሞ ቅባት ቶሎ ያሸንፋቸዋል። ያ ሽፋን ሲደክም የላይኛው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። ውስጡ ያለው ስስ ንብርብር አሁንም ዝናቡን አያስገባም፤ ላባችሁም ግን መውጫ ያጣል። ያረሰኝ የገዛ ላቤ ነበር ማለት ነው። 20,000 የሚለው ቁጥር ስለ ላብ ምንም አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። ሁለት ጊዜ በተራ ዱቄት ሳሙና ከካልሲ ጋር አጥቤዋለሁ። የሳሙናው ቅሪት ራሱ ውሃ ይስባል። አሁን በየሦስት አራት ሳምንቱ ለእንዲህ ያለ ልብስ በተሠራ ፈሳሽ ሳሙና አጥበዋለሁ፤ ከዚያ ማድረቂያ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት 20 ደቂቃ። ሙቀቱ ሽፋኑን መልሶ ያነቃዋል። ትከሻው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ንትርኩ የመጣው በሚያዝያ ነው። አንገቱ ጋ ስፌቱን ከውስጥ ያሸገው ፕላስተር ተላጠ። ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁ። መልሱ «በአጠቃቀም የመጣ ነው» የሚል ነበር። ለሩጫ ተብሎ የተሸጠ ጃኬት ተሮጦበት ተላጠ፤ ሌላ ምን ልሠራበት ኖሯል? በስፌት ማጣበቂያ ራሴ ጠገንኩት። እስካሁን ይዟል።

ቀኑ በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ ነበር። የአየር ትንበያው ጫፎቹ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነፋስ አለ። ማለዳ ይረጋጋል ስለተባለ አልቀረሁም፤ አልተረጋጋም። እናቴ ጋ ስደውል «አንተ ልጅ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው ይጠለላል እንጂ ይወጣል?» አለችኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ጋራ ስኪዶ ጫፍ ላይ የጃኬቱ ቆብ የመጀመሪያውን ፈተና ወደቀ። ግንባሩ ላይ ሽቦ የለውም፤ ነፋሱ ዓይኔ ላይ ያጥፈዋል። በዚያ ላይ ጆሮዬ ሥር እንደ ባንዲራ ሲንጫጫ አጃቢዬ የሚለኝን አልሰማም። የሚታጠፍ ግንባር ያለው ቆብ ለ30 ግራም ቁጠባ ብዬ ትቼ ነበር። ሞኝነት።

ሄልቬሊን ከሚባለው ጋራ በኋላ ጣቶቼ ቆፈናቸው። የዚፑ መያዣ የስንዴ ፍሬ ታህላለች፤ አልታዘዝ አለችኝ። ደረቴ ተከፍቶ ሃያ ደቂቃ ሮጥኩ። ደንሜይል ሬዝ የሚባለው የመኪና መንገድ ጋ ስደርስ አጃቢዬ ከጫማ ክር ቆርጦ ዚፑ ላይ አሰረልኝ። የ150 ፓውንዱን ችግር ቁራጭ ክር ፈታችው። እዚያ ቆሜ በሶ በማር ጠጣሁ፤ እንግሊዞቹ በስጋት አዩኝ።

ከዚያ የሚነሳው የዙሩ ሦስተኛ ምዕራፍ 15 ጋራ ነው፤ የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክም እዚያ ነው፣ 978 ሜትር። ከእሱ ወደ ጎረቤቱ ጋራ ስካፌል የሚያሻግረው ብሮድ ስታንድ የሚባል አለት ርጥብ ሲሆን ለቀልድ አይመችም። በፎክስስ ታርን በኩል ዞርን፤ ብዙ ደቂቃ በላብን። ጃኬቱ የተመሰገነው እዚህ ነው። ልንገራችሁ፣ ደረቅ አልነበርኩም። ውስጤ ላብ፣ ውጪው ውሃ ነበር። ግን ሞቆኝ ነበር። ነፋሱ ጨርቁን አላለፈውም። ስንቆም አለመንቀጥቀጤ ብቻ ዋጋውን መልሶልኛል።

ግሬት ጌብል ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ነበር፤ ከኮምፓስ በቀር የማስታውሰው የለም። ሆኒስተር ወደሚባለው የተራራ መተላለፊያ ስንወርድ ከአጃቢዎቹ አንዱ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2015 እዚህ በ24 ሰዓት 341.4 ሚሊ ሜትር ዘንቦ የብሪታንያ ሪከርድ እንደሆነ ነገረኝ። ለማጽናናት መሆኑ ነው።

ሮቢንሰን የመጨረሻው ጋራ ነው። ከዚያ አስፋልት ይመጣል፤ እዚያ የእንጦጦ ልጅነቴ ትንሽ ረዳኝ። የሙት ሆልን በር የነካሁት በ23 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው። ቦብ ግርሃም በፒጃማ ኮቱ በሁለት ደቂቃ ቀደመኝ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ለማንችስተር ካፊያ፣ ለሁለት ሰዓት ሩጫ፣ አዎ። ለረጅም ቀን ግን 300 ግራም ቢመዝንም ግንባሩ የሚታጠፍ ቆብና ትልቅ የዚፕ መያዣ ያለውን እመርጣለሁ። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌም እገዛለሁ። የኔው ከቦርሳው በላይ ስለማይገባ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቦርሳ ማውለቅ ነበረብኝ፤ በዚያ ነፋስ ያ ሥራ ነው። ሱቅ ስትገቡ ቦርሳችሁን አዝላችሁ ለኩት። ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁም ዚፑን ሞክሩት፤ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።