ለልጃችሁ የሳክስፎን መምህር የምትፈልጉ፣ እኚህን ሰው ሳታዩ እንዳትወስኑ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ልታወጪኝ ነው?» ብለው። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

መጀመሪያ የነበርንበትን ቦታ አልጠቅስም። ክፍያ በቅድሚያ፣ ደረሰኝ በመከራ። መምህሩ ልጄ በተሳሳተ ቁጥር በልጆች ፊት «ይሄ ጆሮ የለውም» ይለዋል። እኔ ደጅ ተቀምጬ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሳክስፎኑ ሲጥ ሲልበት ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤ መምህር ተብዬውም አብሮ ሳቀ። ልጄ ቤት እንደገባ ዕቃውን አልጋ ስር ወሸቀው። ሌላም ቦታ ሞከርን፤ የዚያኛው ደግሞ ዓይኑ ከስልኩ አይነቀልም፣ የወር ክፍያ ቀን ግን አይረሳም።

ጋሼን የጠቆመችን ጎረቤቴ ናት፤ እሷንም ይባርክልኝ። የድሮ ኦርኬስትራ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ትንፋሻቸው ግን የጎረምሳ ነው። ልጄ እየፈራ ነፋ፤ ያችው ሲጥታ ወጣች። አንገቱን ደፋ። ጋሼ ምንም አላሉም። የራሳቸውን አነሱና ያችኑ ሲጥታ፣ ቁርጥ እሷኑ፣ መልሰው ነፉለት። ቀና አለ። «በል ድገማት፣ አንበሳዬ!» ደገማት። ተቀበሉት፤ ከፍ አደረጓት፣ ዝቅ አደረጓት፣ ወደ ሽለላ ወሰዷት። የተሳቀባት ድምፅ ትፎክር ጀመር! እንዴት እንዳደረጉት አትጠይቁኝ፤ ስለ ቅኝቱም ስለ ጣት አያያዙም የማውቀው የለም። ልጄ ሲስቅ አይቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል።

ጋሼ የሚጫወቱት ፍሪ ጃዝ የሚሉትን ነው፤ አስቀድሞ በተወሰነ ዜማና ምት ሳይታሰሩ በነፃነት የሚነፉት ጃዝ። ብዙ ሰው ጩኸትና ንዴት ብቻ ይመስለዋል፤ የጋሼ ግን ወዝ አለው፣ የወደቀ መንፈስ ያነሳል። «የሚጣል ድምፅ የለም፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ፈልግለት እንጂ» ይሉታል። ሳክስፎን ተጫዋቹን ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ሲያነሱማ ፊታቸው ይበራል። አሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች ኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» የሚለውን ሸክላ በፈረንጆቹ 1961 ከማውጣቱ በፊት፣ ጋሽ ጌታቸው ሽለላና ፉከራውን በቴነር ሳክስፎን ይጫወቱት ነበር፤ ከአሜሪካ ማንም ሳያስተምራቸው። ኋላ ነው የውጭ ሰዎች ሰምተው «ይሄማ ፍሪ ጃዝ ነው» ያሉት። ሰባን ካለፉ በኋላ እንኳ ከሆላንዱ የፓንክ ቡድን ከዘ ኤክስ ጋር በፈረንጆቹ 2006 አልበም አውጥተዋል። በ2008 ዓ.ም. አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ጋሼ ይህን ሁሉ ለልጄ እንደ ተረት ነው የሚነግሩት።

አባቴም ፎካሪ ነበር። ሠርግ ላይ ሲነሳ ሴቱ ሁሉ እልል ይላል። ልጄ አላወቀውም፣ ሳይወለድ ነው ያለፈው። ሰሞኑን ማታ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ልጄ ሳሎን ውስጥ ሲነፋ፣ ያ የአባቴ ትንፋሽ መሃል ላይ የሚቆረጥበት ቦታ ቁልጭ ብሎ መጣ። ማን ነገረው? አልቅሻለሁ፤ ሽንኩርቱ ነው አልኩት።

እባካችሁ ልጃችሁ «አይችልም» የተባለባችሁ ሰዎች፣ ውሰዱት! ትልልቆችም ይቀበላሉ። ብር ቢያጥራችሁ አትፈሩ፣ ለእኔም ሲያጥረኝ ታግሰውኛል። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ከሰዓት ደውሉ። ደግሞ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡና ሳያጠጡ አይለቁም።