አልሠራሽም ላለችኝ የሐዋሳ ሹሩባ ሠሪ ምስጋና

ሐዋሳ የምትኖሩና ራስ ማሳከክ ያስቸገራችሁ እኅቶች፣ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ። አቶቴ አካባቢ ሹሩባ የምትሠራ ልጅ ናት። ስሟን እንዳላወጣው ስለጠየቀችኝ አልጽፈውም፤ ምስጋናዬ ግን በአደባባይ ይሁንልኝ።

የእኔ ማሳከክ ከዓመት በላይ የቆየ ነው። ቀን ሥራው ያዘናጋኛል፤ ማታ ጋደም ስል ይነሳብኛል። እንቅልፌ ውስጥ ሳክክ አድሬ ጥፍሬ ደም ነክቶት የነጋበት ጊዜ አለ። የሰው ዓይን ደግሞ ያሳቅቃል፤ እጄን ወደ ራሴ ባነሳሁ ቁጥር ቅማል አለባት የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን ያልነገረኝ ሰው የለም። አንዱ ውኃው ነው ይላል፣ ሌላው ሙቀቱ ነው ይላል፣ አክስቴ ድርቀት ነው ብላ አናቴን ቅቤ ትቀባኛለች። ቅቤው ለጊዜው ያስታግሰኝና ተመልሶ ይብስብኛል።

ወደዚች ልጅ የሄድኩት ለዘመድ ሠርግ ልሠራ ነው፤ ቅዳሜ፣ ወረፋው በር ድረስ። ተራዬ ሲደርስ ፀጉሬን በሚዶ ጫፍ ከፈል ከፈል አድርጋ አየችና ወንበሬን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ? የልጆቹ ራስ ላይ ፀጉር የረገፈበት ክብ ቦታ አለ? ቀለም ተቀብተሻል? ጥያቄዎቿ ለወሬ አልነበሩም። ቅማልና ቆረቆር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የቀለም አለርጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተቀቡ በኋላ በቀናት ውስጥ ግንባርና ጆሮ አካባቢን ጭምር እያቀላና እያሳበጠ ይመጣል፤ ጥቁር ቀለም ውስጥ የሚገባው ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል በዚህ ይታወቃል። ሁሉንም የለም አልኳት። ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ፣ ቅንድቤንና የአፍንጫዬን ዳር አየች። እዚያም ወዛም ቅርፊት ነበር።

«እኅቴ፣ ዛሬ አልሠራሽም» አለችኝ። «ብሠራሽ ብሩን እቀበላለሁ፤ ግን ቆዳሽ ቆስሏል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የቆዳ ሐኪም ይይሽ። እስከዚያ ቅቤም ቅባትም ይቅርብሽ።»

በሠርግ ሰሞን ቅዳሜ ደንበኛ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከሹሩባ የምትኖር ሴት ታውቀዋለች። መድኃኒት ልሽጥልሽ አላለችኝም፣ ይሄን ተቀቢ አላለችኝም። ለድካሟ ልከፍላት ብል እንቢ ብላ ሻሼን ራሷ አስራልኝ ሸኘችኝ።

ሐኪሙ ሰቦሪክ ደርማታይተስ ነው አለኝ፤ የፎረፎር ብርቱው ዓይነት ማለት ነው። ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፣ የሚመገበውም የቆዳችንን ወዝ ነው። አንዳንድ ሰው ቆዳው ይቆጣበታል። ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም፣ ከሰውም አይጋባም። ይህን ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ መናገር ያቅተኛል። የታዘዘልኝ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ያለው ሻምፖ ነው፤ በሳምንት 2 ጊዜ፣ ቆዳው ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ፣ እንዲህ እስከ 4 ሳምንት። እንደ ተራ ሻምፖ ወዲያው ካለቀለቁት ሥራውን አይሠራም። ጨርሶ የሚጠፋ ስላልሆነ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ እየታጠብኩ እይዘዋለሁ። አሁን እንቅልፍ እተኛለሁ።

እናቶች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ልጃችሁ ራስ ላይ ፀጉሩ በክብ እየረገፈ የሚቀረፍ ነገር ካያችሁ ቆረቆር ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ቅባትና ሻምፖ ብቻውን አያድነውም።

ቆዳዬ ሲድን ተመልሼ ተሠራሁ። ከግንባር ሳትስብ ላላ አድርጋ ትሠራለች፤ መሃሉን ሰፋ አድርጋ የምትተወው ሻምፖው ቆዳው ድረስ እንዲገባ ነው። ሚዶዋን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ስትሸጋገር ታጥባለች፤ ይህን በየቤቱ አላየሁም። ዋጋዋ ከሰፈሩ አይበልጥም።

ቅዳሜ ስለሚጨናነቅ በሳምንቱ መሃል ሂዱ። ራሳችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ሹሩባችሁን ፈታችሁ፣ ምንም ሳትቀቡ ሂዱና ቀድማችሁ ንገሯት። ቤቷን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እመራችኋለሁ።