የጎተራ ጉጉት ወይስ የበረዶ ጉጉት?

የበረዶ ጉጉት ገና ሲያዩት ግርማው ያስደምማል። ክብደቱ 2 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ክንፉን ሲዘረጋ 1.5 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እግሩ እስከ ጣቶቹ ድረስ ላባ ለብሷል። በአርክቲክ በጋ ፀሐይ ስለማትጠልቅ በጠራራ ብርሃንም ያድናል።

የጎተራው ጉጉት በጣም ያነሰ ነው። ግን ፊቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ያ ልብ የመሰለ ፊት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ድምፅ እየሰበሰበ ወደ ጆሮው ይልካል። ከላባው ስር የተደበቁት ጆሮዎቹ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ይላል። በዚህ ምክንያት ድምፁ ከላይ ይምጣ ከታች በደንብ ይለያል። በድቅድቅ ጨለማ፣ ምንም ሳያይ፣ አይጧን በኮሽታዋ ብቻ ለቀም ያደርጋታል! የክንፉ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ስለሆነ ሲበርም ድምፁ አይሰማም። አይጧ መምጣቱን አታውቅም።

ጩኸቱ አያምርም፣ እውነት ነው። ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ ነው።

ቢሆንም እኔ የጎተራውን እመርጣለሁ። የበረዶውን አይቼ አደንቃለሁ፤ ከዚህኛው ፊት ላይ ግን ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል።