ለጤና ሳይንስ ተማሪ የቱ ይሻላል፦ ቅይጥ ትምህርት ወይስ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን?

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ብዙ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር የተገናኙት በቴሌግራም ነበር። የነርሲንግና የአዋላጅነት ተማሪዎች ክርክር አሁንም አልበረደም፦ ሁሉም ኦንላይን ይሁን ወይስ ቅይጥ፣ ማለትም ንድፈ ሐሳቡ ኦንላይን፣ ተግባሩ በአካል?

ወጪ
ኦንላይን፦ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ይቀራል፤ የዳታ ጥቅል ግን ይበላል።
ቅይጥ፦ ሁለቱንም ያስወጣል፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ይከብዳል።

ምቾት
የተቀዳ የፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ጥናት) ሌክቸርን ደጋግሞ ማየት በሁለቱም ይቻላል፤ አዳር ተረኛ ለሆነ ነርስ ትልቅ እፎይታ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን ኦንላይን ብቻ የሚማረው መሄጃ የለውም።

ክህሎትና አደጋው
ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ላይ ነው። ደም ግፊት መለካትን እንውሰድ። ቪዲዮው የመለኪያው ጨርቅ ክንድ ላይ የት እንደሚታሰር ያሳያል። አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ የመጀመሪያዋን የደም ስር ምት ለይቶ መስማት ግን በራስ ጆሮ ነው የሚለመደው። ጨርቁ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበባል፤ ይህን አጠገብ ያለ መምህር ወዲያው ያርማል። ደም ስር መፈለግም፣ የፅንስን አቀማመጥ በመዳሰስ መለየትም እንዲሁ ነው። ጀማሪን በስክሪን ብቻ አሠልጥኖ ወደ ታካሚ መላክ አይገባም ባይ ነኝ፤ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍለው ታካሚው ነውና።

ለማን የቱ?
ሥራ ላይ ሆኖ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርሱን ለሚማር፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት ጥናት) እና ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስታቲስቲክስ) ለሚበዛበት፣ ኦንላይኑ ይበቃዋል። ገና መርፌ ላልጨበጠ ተማሪ ቅይጡ ይሻለዋል፤ የተግባር ሳምንታቱ በአንድ ወቅት ከተሰበሰቡለት ወጪውም ይቀልለታል።